ሦስት ቀን ነው

«ሦስት ቀን ነው» አለኝ ዶክተር አንማው፣ ጢሙ ያልጠና ልጅ፣
ጓንቱን እያወለቀ፣ ዓይኑ ከወረቀት፣ ልቡ ከሌላ ደጅ።
«ሦስት ቀን ይጠዘጥዛል፤ ከዚያ ይረሱታል፣ አባቴ።»
ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁ ወርዶ ስፌቱን ነካው፤ ተላወሰ አንጀቴ።

ያ ቃል የኔ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከጠዳ ቆላድባ፣ በሞተር በበቅሎ፣
ቡርዲዞዬ በጆንያ፣ ከኮርቻው ጎን ተንጠልጥሎ፣
ሳኮላሽ እውልና፣ ወይፈን ሲሉኝ ወይፈን፣ ኮርማ ሲሉኝ ኮርማ፣
ባለቤቱ ሲሰጋ፣ «ሣር እንቢ አለኮ» ሲል፣ ደጋግሞ ሲያሰማ፣
«ሦስት ቀን ነው» እለዋለሁ፣ ጠላዬን ጨልጬ፣
ቅጹን አስፈርሜ፣ ኮርቻ ላይ ተቀምጬ።
በአራተኛው ቀን ተመልሼ ያየሁት አንድ በሬ የለም።

እኔንስ አስፈረሙኝ። ኮርማ አይፈርምም።
«በሽታው የሚቀለበው ከዚያ ነው» አሉኝ፤ «ማጀቱ ይዘጋ።»
ፈረምኩ። እስክሪብቶው በእጄ ቀዘቀዘኝ፣ እንደ ብረት መንጋጋ።

አሁን እኔ ልቁጠር።
አንደኛው ቀን በረዶ ነው፤ በላስቲክ ታስሮ፣ በጭኔ መካከል፣
በአሮጌ ነጠላ ተጠቅሎ፣ እንደ ሕፃን ሲታቀፍ፣ እንደ ፍም ሲያቃጥል።
ሁለተኛው ቀን ሳል።
አንድ ጊዜ አሳልኩ። ሁለተኛውን ዋጥኩት።
ሦስተኛው ቀን ባጃጅ፤ ከሆስፒታሉ በር እስከ አዘዞ፣
ጥርሴ የጋቢዬን ጫፍ ነክሶ ይዞ።
ኮብልስቶኑ ሲጀምር ልጁ ዞር ብሎ፣ «ምንዎን ነው?» ቢለኝ፣
«ወገቤን» አልኩ። ወንድ ልጅ ወገቡን ነው የሚያመው፤ ሌላ አካል የለኝ።

አራተኛው መጣ። አምስተኛው። ስምንተኛው።
ያመመኝ የሌለው።
ቤቱን ለቆ የሄደ ተከራይ፣ ሌሊት ተመልሶ በሩን ሲያንኳኳ፤
የሄደም ያማል ለካ።

ጠያቂ ይመጣል። «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ ዳቦ ያስቀምጣል።
ምኔን እንደታመምኩ አይጠይቅም፤ ዓይኑ ግን ወርዶ ይነሣል።
ሴቶቹ ሲወጡ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ አንዲት ቃል ሰማሁ፤ «ሙክት»።
ወይ ለበዓሉ በግ ይሆናል፣ ወይ እኔ፤ አላጣራሁት።
ቅዳሜ ገበያ ሙክት ከአውራው እንደሚወደድ አውቃለሁ፤
ለሰው ግን ተመኑ ስንት እንደሆነ፣ ማንን እጠይቃለሁ?

በወሩ ደግሞ ላቡ። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወግራል፣
ሽንታ ሞልቶ ይጮኻል፣ እኔ ከአንገቴ በላይ ምድጃ ይነዳል።
ብርድ ልብሱን ስወረውር እንጉዳይ ነቃች፤ በጨለማ አየችኝ።
«ስድስት ዓመት ሲያነደኝ፣ መስኮቱን ዝጊ፣ ብርድ ነው ያልከኝ፣
አንተ አይደለህም?» አለች። ተነሥታ ከፈተችው።
ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ጀርባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

እንቅልፍ ሲርቀኝ አንድ በሬ ይመጣል፤ ዳልቻ፣ የአያ ጫቅሉ።
ከዋንዛው ሥር እግሩን ከፍቶ ቆሞ፣ ዝንቡን እንኳ በጭራው ሳያባርር፣
ስሄድ አንገቱን አዙሮ ያየ ነበር።
ያኔ የበቅሎዋን ኮቴ የሚሰማ መስሎኝ ነው።
አሁን ሳስበው፣ እኔን ነው።

ትናንት ደወልኩለት።
«ያ ዳልቻው በሬህ፣ ያኔ፣ ስንት ቀን አመመው?»
«የቱ? ዳልቻው? እሱማ ዘጠኝ ዓመት አርሶልኝ፣
በሱ ዋጋ ነው ይኸን ቤት ቆርቆሮ ያለበስኩት።»
«ስንት ቀን አመመው ነው ያልኩህ።»
ዝም አለ። ከወዲያ ዶሮ ይጮኻል፤ ሰው እንጨት ይፈልጣል።
«እኔ ምን አውቄ፤ በአራተኛው ቀን ጠመድኩት።
ጎበዝ ከብት ነበር። ዝም ብሎ አረሰ።»

ስልኩን ዘጋሁ። እግሬን ከፍቼ፣ ግድግዳ ይዤ፣ እስከ አጥሩ ሄድኩ።
ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር።
ሣር ሸተተኝ።